ኤም ፒ ኤች የት ልማር? የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ ፕሮግራም አመራረጥ በቅደም ተከተል

ጤና መኮንን፣ ነርስ፣ አዋላጅ ነርስ፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ወይም ሐኪም ሆኖ ጥቂት ዓመት ያገለገለ ሰው ኤም ፒ ኤች ለመማር ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» ብሎ ነው። እንደ እኛ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው መመረጥ ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። አስቀድሞ የሚፈልጉት ሥራ ይታወቅ፣ ከዚያ የትምህርት ዘርፉ፣ ከዚያ የሚያማክርዎት መምህርና ጥናትዎን የሚሠሩበት ቦታ። እነዚህ ከተለዩ በኋላ እጅዎ ላይ የሚቀሩት ዩኒቨርሲቲዎች ከሁለት ወይም ከሦስት አይበልጡም።

የሚከተለው በዋናነት ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚማር ሰው ነው። ውጭ ሀገር ለመማር ለሚያስቡና በውጭ ለሚኖሩ የሚሆን ነገር ወደ መጨረሻው አካባቢ አለ።

አንደኛ፦ የሥራ ማስታወቂያ ይሰብስቡ

ከተመረቁ በኋላ ሊይዙት የሚፈልጉትን ዓይነት ሥራ የሚመለከቱ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ማስታወቂያዎች ከጋዜጣ፣ ከኢትዮጆብስ፣ ከቴሌግራም ቻናሎችና ከጤና ቢሮ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይሰብስቡ። ከእያንዳንዱ ላይ አራት ነገር ብቻ በሰንጠረዥ ይጻፉ፦ የተጠየቀው ዲግሪ ትክክለኛ ስም፣ የሥራ ልምድ ዓመት፣ የተጠየቀው ሶፍትዌር፣ የሥራው ቦታ። አንድ ምሽት ይበቃል።

ከሰንጠረዡ የሚታየው ልዩነት ግልጽ ነው። ወረዳ፣ ዞንና ክልል ጤና ቢሮ ላይ ለአመራር ቦታ ጠቅላላ ኤም ፒ ኤች ብዙ ጊዜ ይበቃል። ዩኒቨርሲቲ መምህር ሲቀጥር ግን ዘርፉን ለይቶ ይጠራል፤ የኢፒዲሚዮሎጂ ቦታ ላይ ጠቅላላ ኤም ፒ ኤች ይዞ የሄደ ሰው ፈተና ሳይቀመጥ ሊመለስ ይችላል። መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ከዲግሪው ስም ይልቅ ዲ ኤች አይ ኤስ 2 (የጤና መረጃ ሥርዓት)፣ ኮቦ ቱልቦክስ (መረጃ መሰብሰቢያ)፣ ስታታ (የስታትስቲክስ መተንተኛ) የሚሉትን ሶፍትዌሮች ይጠይቃሉ። አንድ ነገር ደግሞ አይዘንጋ፦ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የርዳታ ገንዘብ ሲቋረጥ በዚህ ገንዘብ የሚከፈሉ ብዙ የፕሮጀክት የሥራ መደቦች ተዘግተዋል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የወጡ የቆዩ ማስታወቂያዎችን ይዘው ዘርፍ አይምረጡ።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ ሌላም ሥራ አለብዎት። መሥሪያ ቤትዎ የሰው ሀብት ክፍል ሄደው የሚማሩት ዲግሪ አሁን ላሉበት ወይም ለሚፈልጉት የሥራ መደብ «ቀጥታ አግባብ ያለው» ተብሎ ይያዝ እንደሆነ ይጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ያግኙ። ሁለት ዓመት ተምሮ የመጣ ሰው የዲግሪው ስም ከመደቡ መስፈርት ጋር በአንድ ቃል ስላልገጠመ ብቻ ደረጃው ሳያድግለት የሚቀርበት አጋጣሚ ብርቅ አይደለም። በተለይ «ኤም ፒ ኤች» እና «ኤም ኤስ ሲ» (የሳይንስ ማስተርስ) የሚለው ልዩነት፣ እንዲሁም እንደ ጤና ኢንፎርማቲክስና ጤና ኢኮኖሚክስ ያሉ አዳዲስ ስሞች ላይ ይጠንቀቁ።

ሁለተኛ፦ ዘርፉን ይለዩ

ኢፒዲሚዮሎጂ ቁጥር ለማይፈራ ሰው ነው። በሽታ የት፣ መቼ፣ ማን ላይ እንደበዛና ለምን እንደሆነ ማጣራት ነው ሥራው። ከዘርፎቹ ሁሉ ለማስተማርም፣ ለምርምርም፣ ለወረርሽኝ ቁጥጥርም በእኩል የሚያስኬድ ይህ ነው ብንል አንሳሳትም። ባዮስታትስቲክስ ከዚህ አንድ እርምጃ ወደ ሒሳብ የገባ ነው፤ ከስታትስቲክስ ትምህርት ክፍል ለመጡም በሩ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው። ባለሙያው አነስተኛ ስለሆነ ተፈላጊ ነው፣ ግን ካልኩለስና ማትሪክስ ከረሱ የመጀመሪያው ሴሚስተር ያንገላታል።

የሥነ ተዋልዶ ጤና በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚሰጥ ተመራቂውም ብዙ ነው። አዋላጅ ነርሶችና በእናቶችና ሕፃናት ክፍል የሠሩ ሰዎች ልምዳቸው ስለሚደግፋቸው ይዋጣላቸዋል፤ ከሌላ ክፍል የመጣ ሰው ግን ከእነሱ ጋር ለአንድ ቦታ እንደሚወዳደር አውቆ ይግባ። የሥነ ምግብ ዘርፍ በድርቅና በመፈናቀል ጊዜ ሥራ አለው። በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ የአጣዳፊ ምግብ እጥረት ሕክምና አያያዝና የስማርት ዳሰሳ ጥናት (በአደጋ ጊዜ የምግብ እጥረት የሚለካበት) በተግባር መሰጠታቸውን ያረጋግጡ፤ እነዚህ ከሌሉ ለሰብዓዊ ርዳታ ሥራ የሚያበቃ አይደለም።

ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ለሚመራ ሰው የጤና አገልግሎት አስተዳደር ይሻለዋል፤ በጀት፣ የመድኃኒት አቅርቦት፣ የሰው ኃይልና የጥራት ማሻሻያ የሚማረው እዚያ ነው። ክትትልና ግምገማ ላይ ብቻ ማተኮር የሚፈልግ ጅማ ዩኒቨርሲቲን ይይ፤ ይህን ዘርፍ ራሱን አስችሎ ለረጅም ጊዜ ሲያስተምር ቆይቷል። ጤና ማስተማርና ሥነ ባህርይ፣ የአካባቢና የሥራ ቦታ ጤና፣ ጤና ኢንፎርማቲክስም አሉ።

ከሁሉ ለየት የሚለው የመስክ ኢፒዲሚዮሎጂ ፕሮግራም ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሲሆን ከሁለቱ ዓመት ክፍል ውስጥ የሚያልፈው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው፤ ሦስት አራተኛው በመስክ ያልፋል። ሰልጣኙ ኩፍኝ ወይም ኮሌራ ገባ ሲባል ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ የቅኝት መረጃ ይተነትናል፣ የቅኝት ሥርዓት ይገመግማል። የክፍል ትምህርት ለሰለቸው ይመቻል። ቤቱን ጥሎ ሊወጣ ለማይችል ግን አይሆንም።

ዘርፉን በስሙ ብቻ አይመኑት። ሥርዓተ ትምህርቱን ከትምህርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት ወስደው ሁለት ኮርስ ይመርምሩ፦ ባዮስታትስቲክስና ኢፒዲሚዮሎጂ። የሚጠይቁት ይህ ነው፤ ትምህርቱ በኮምፒውተር ላይ በእውነተኛ መረጃ ይሰጣል ወይስ በሰሌዳ ብቻ? ከሎጂስቲክ ሪግሬሽን አልፎ የሰርቫይቫል ትንተናና ባለብዙ ደረጃ ሞዴል ይነካል? በስታታ ነው፣ በኤስ ፒ ኤስ ኤስ ነው፣ በአር ነው? የሦስቱንም መልስ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በአምስት ደቂቃ ይነግርዎታል። ጽሕፈት ቤቱ ላይሰጥዎ ይችላል።

ሦስተኛ፦ አማካሪውን ይፈልጉ

ትምህርቱን በሁለት ዓመት መጨረስ ወይም አለመጨረስ ከማንኛውም ነገር በላይ የሚወሰነው በመመረቂያ ጽሑፉ ነው። ኮርሱን በሙሉ በጥሩ ውጤት ያለፈ ተማሪ በፕሮፖዛል ላይ ተቀምጦ ወራት ሲቆጥር ይታያል። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ አማካሪው ብዙ ተማሪ ይዟል፣ ወይም ርዕሱ የእሱ መስክ አይደለም።

ማጣራቱ ከባድ አይደለም። የዩኒቨርሲቲውን የጽሑፍ ማኅደር በኢንተርኔት ይክፈቱ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማና ሐረማያን ጨምሮ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የተመራቂዎቻቸውን ጽሑፍ ያስቀምጣሉ። በሚፈልጉት ዘርፍ በቅርብ ከቀረቡት አሥሩን አውርዱና የሽፋን ገጹን ብቻ ያንብቡ። አማካሪ ሆኖ የተጻፈው ስም ስንት ነው? ከአሥሩ ሰባቱ ላይ ያው አንድ ሰው ካለ ፕሮግራሙ በእሱ ጫንቃ ላይ ነው ማለት ነው፤ ሰውየው ለትምህርት ወይም ለሥራ ውጭ ሀገር ቢሄድ ምን ይሆናል ብለው ያስቡ። ከዚያ ስሞቹን በጉግል ስኮላር ይፈልጉ፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት በዚያው ርዕስ ላይ ያሳተመ ሰው ካለ ጥሩ ምልክት ነው።

ሽፋኑን ሲያዩ ርዕሶቹንም ልብ ይበሉ። «የእንትን ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶቹ፣ በእንትን ወረዳ» የሚል ርዕስ ከአሥሩ በዘጠኙ ላይ ካገኙ፣ የናሙናውም ብዛት 423 ወይም 634 ከሆነ፣ ፕሮግራሙ አንድ ቅጽ ይዞ እየሞላ ነው። ቁጥሮቹ ከሰማይ አልወረዱም። ስርጭቱ ሳይታወቅ 50 በመቶ ተብሎ ሲያዝ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነትና በ5 በመቶ የስህተት ወሰን 384 ይመጣል፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመር 423 ይሆናል። ናሙናው ደረጃ በደረጃ ከተወሰደ 384 በ1.5 (የዚህ አወሳሰድ ማካካሻ ቁጥር) ተባዝቶ 576፣ ከ10 በመቶ ጭማሪው ጋር 634። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ስርጭቱ በቀደሙ ጥናቶች ለታወቀ ችግር 50 በመቶ መውሰድ አያስፈልግም፣ ሁሉም ጥናት ደግሞ የስርጭት ጥናት መሆን የለበትም። ከአሥሩ ሁለት ሦስቱ የታመሙትን ካልታመሙት ጋር የሚያነጻጽር (ኬዝ ኮንትሮል) ጥናት፣ የክትትል ጥናት ወይም የጥራት ምዘና ከሆኑ መምህራኑ ተማሪውን ገፋ ያደርጋሉ ማለት ነው።

አራተኛ፦ የጥናት ቦታውንና ወጪውን አስቀድመው ያስሉ

አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ሕዝብን ለዓመታት የሚከታተሉበት የጤናና ሥነ ሕዝብ ቅኝት ጣቢያ አላቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ቡታጅራ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ፣ የጎንደሩ ዳባት ከ1996 ጀምሮ፣ የጅማው ግልገል ጊቤ ከ2005 ጀምሮ፣ የሐረማያው ቀርሳ ከ2007 ጀምሮ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ሲመዘግቡ ቆይተዋል፤ አርባ ምንጭና መቀሌም የየራሳቸው አላቸው። ለተማሪ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ራሱ መረጃ ሳይሰበስብ የዓመታት መረጃ ይዞ የክትትል ጥናት ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ «ጣቢያው አላችሁ?» ብቻ ብለው አይለፉ፤ «ባለፈው ዓመት ስንት የማስተርስ ተማሪ መረጃውን ተጠቀመ? የመጨረሻው ዙር መረጃ መቼ ተሰበሰበ?» ብለው ይጠይቁ። ጣቢያ ኖሮ መረጃው ለተማሪ የማይሰጥበት ቦታ ካለ፣ ለእርስዎ እንደሌለ ይቁጠሩት።

ጅማ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪውን ማኅበረሰብ ውስጥ አስገብቶ በማስተማር ይታወቃል። ጎንደር ደግሞ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ ማሰልጠን የጀመረ ነው፤ በአካባቢው ካሉ ጤና ጣቢያዎች ጋር ያለው ግንኙነት የቆየ ነው። እነዚህ ታሪኮች ዋጋ የሚኖራቸው ዛሬም መስክ መውጣት የሚቻል ከሆነ ነው። በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች አንዳንድ አካባቢዎች ያለው ግጭት መረጃ መሰብሰብን አቋርጧል፤ የሚያስቡት ወረዳ መንገዱ ክፍት መሆኑን እዚያው ካለ የጤና ባለሙያ ስልክ ደውለው ይጠይቁ።

አዲስ መረጃ መሰብሰብ ግድ ከሆነ ወጪውን ከመመዝገብዎ በፊት ያስሉት። 634 ሰው ቤት ለቤት ለመጠየቅ አንድ መረጃ ሰብሳቢ በቀን 10 ሰው ያህል ይሠራል ብንል፣ ስድስት ሰብሳቢ ለ11 ቀን ያስፈልጋል፤ ይህ የ66 ቀን አበል ነው። ሁለት ተቆጣጣሪ ለ11 ቀን 22፣ ስምንቱም ለሁለት ቀን ሲሰለጥኑ 16። ድምሩ የ104 ቀን አበል ይመጣል፤ የትራንስፖርት፣ የካርድና የሕትመት ወጪ አልተጨመረም። ከዋናው ጥናት በፊት ደግሞ በ5 በመቶው፣ ማለትም በ32 ሰው ላይ፣ ከጥናቱ ቦታ ውጭ መጠይቁ ይሞከራል። ቁጥሩን አሁን ባለው የቀን አበል ያባዙት። ዩኒቨርሲቲው ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሰጠውን ድጋፍ ጠይቀው ልዩነቱን ይወቁ፤ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። ወጪው ከአቅም በላይ ከሆነ እንደ 2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ያለ የተሰበሰበ መረጃ ላይ መሥራት ወይም ከጤና ተቋም መዝገብ ማውጣት ይቻላል፤ የትምህርት ክፍሉ ይህን የሚቀበል መሆኑን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ የማይቀበሉ አሉና።

ጊዜውንም አስቀድመው ያስሉ። ፕሮፖዛሉ ጸድቆ ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ከተገኘ በኋላ የድጋፍ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ክልል ጤና ቢሮ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ወረዳ፣ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። እያንዳንዱ ፊርማ ቀን ይበላል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው የሚባለውን ጭምር አስበው ለዚህ ብቻ አንድ ወር ይያዙ።

አምስተኛ፦ የግል ኮሌጅ ከሆነ ፈቃዱን ራስዎ ያንብቡ

ለግል ተቋማት ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ፈቃዱ ለተቋሙ ስም በጅምላ የተሰጠ አይደለም፤ ለተለየ ፕሮግራም፣ ለተለየ ደረጃ፣ ለተለየ ካምፓስና ለተለየ የትምህርት አሰጣጥ ነው። አዲስ አበባ ካምፓስ ላይ በመደበኛ የተፈቀደ ኤም ፒ ኤች ሐዋሳ ቅርንጫፍ ላይ በርቀት ለመስጠት አያገለግልም። ደብዳቤውን አስወጥተው አምስት ነገር ይመልከቱ፦ የፕሮግራሙ ስም፣ ደረጃ፣ ካምፓስ፣ አሰጣጥ፣ የሚያበቃበት ቀን። ከዚያ በባለሥልጣኑ ዝርዝር ላይ ያመሳክሩ። «ፈቃዱ በሂደት ላይ ነው» ከተባሉ አይክፈሉ። ፈቃድ በሌለው ፕሮግራም የተገኘ ዲግሪ ሲጣራ ይወድቃል፤ የሚከስረውም ተማሪው ነው።

ስድስተኛ፦ ገንዘብ፣ ውልና ሰዓት

መሥሪያ ቤትዎ የሚልክዎት ከሆነ ውሉ ላይ ሦስት ጥያቄ ይመለስ፤ ደመወዝ ይቀጥላል ወይ፣ ስንት ዓመት መልሰው ያገለግላሉ፣ ሁለት ዓመቱ ካለፈ ማራዘሚያ ላይ ምን ይሆናል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ራስዎ የሚከፍሉ ከሆነ የክሬዲት ሰዓት ክፍያውን በጠቅላላ ክሬዲት ያባዙ፣ የመመዝገቢያ፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የማራዘሚያ ክፍያ ይጨምሩ። የማታና የሳምንት መጨረሻ ትምህርት ሥራ ሳይለቁ ያስተምራል፤ ከሁለት ዓመት በላይ እንደሚወስድ ግን ታሳቢ ያድርጉ፤ መረጃ የሚሰበሰበው በሥራ ቀን ስለሆነም የዓመት ፈቃድዎን ለዚያ ያስቀምጡ።

ሰባተኛ፦ ሰነድና የመግቢያ ፈተና

ማስታወቂያ እስኪወጣ አይጠብቁ። ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት የመጀመሪያ ዲግሪዎን ከወሰዱበት ሬጅስትራር ወደሚያመለክቱበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ስለሚላክ ሁለት ሦስት ወር ቀድመው ይጠይቁ። የወጪ መጋራት ዕዳ ካልተከፈለ ወይም የአገልግሎት ግዴታ ካልተጠናቀቀ ሰነድ ስለሚያዝ መጀመሪያ ያንን ይጨርሱ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተመረቀ ሰው የመውጫ ፈተና ማለፉን የሚያሳይ ማስረጃ ይያዝ። ብዙዎች «ጋት» የሚሉት የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ የሒሳብና የምክንያታዊ አስተሳሰብ ችሎታን ይመዝናል፤ የጤና ሳይንስ ጥያቄ ያለበት መስሏቸው ፋርማኮሎጂ ሲያነቡ የሚያመሹ አሉ። የስምንተኛና የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ይከልሱ፤ መቶኛ፣ ጥምርታ፣ ዕድል፣ ግራፍ ማንበብ። ትምህርት ክፍሉ ከዚህ በተጨማሪ የራሱን ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ ሊሰጥ ይችላል።

ስምንተኛ፦ ውጭ ሀገር ከሆነ

አሜሪካ ለሚኖር ሰው የመጀመሪያው ማጣሪያ ሲ ኢ ፒ ኤች የተባለው የዕውቅና ሰጪ ምክር ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲው ዝነኛ ስለሆነ ብቻ ኤም ፒ ኤቹ ዕውቅና አለው ማለት አይደለም፤ በምክር ቤቱ ዝርዝር ላይ ስሙን ይፈልጉ። ዕውቅና ያለው ኤም ፒ ኤች ቢያንስ 42 የሴሚስተር ክሬዲት ነው፤ የተግባር ልምምድም ግዴታ ነው። የሚኖሩበት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለነዋሪ የሚያስከፍለው ከሌላ ስቴት ለመጣ ከሚያስከፍለው በጣም ስለሚያንስ በቅድሚያ እሱን ይመልከቱ። አብዛኞቹ ማመልከቻዎች በሶፋስ (የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻ ድረ ገጽ) በኩል ይገባሉ፤ የኢትዮጵያ ትራንስክሪፕት ካለዎት ኮርስ በኮርስ የተገመገመ የደብሊው ኢ ኤስ (የውጭ ሀገር የትምህርት ማስረጃ የሚገመግም ድርጅት) ሪፖርት ይጠየቃል፤ ይህም ወራት ሊወስድ ስለሚችል ከሁሉ በፊት ያስጀምሩት።

አውሮፓ ውስጥ በአንትወርፕ የሚገኘው የትሮፒካል ሕክምና ተቋም፣ በአምስተርዳም ኬ አይ ቲ (የሮያል ትሮፒካል ተቋም)፣ በለንደን የንጽህናና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት የታወቁ ናቸው፤ የለንደኑ በርቀትም ያስተምራል። በእስራኤል ኢየሩሳሌም የሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለታዳጊ ሀገሮች የጤና ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ የአንድ ዓመት ዓለም አቀፍ ኤም ፒ ኤች ይሰጣል። ለእንግሊዝ የሀገሩ መንግሥት የሚሰጠው የቼቪኒንግ ስኮላርሺፕ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሲጨርሱም ሁለት ዓመት ወደ ሀገር መመለስ ግዴታ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በዲግሪው ለመሥራት ካሰቡ የአቻ ግምት የሚሰጠው ያው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ስለሆነ፣ በተለይ በኦንላይን ከመመዝገብዎ በፊት ተቀባይነቱን እዚያው ይጠይቁ።

ዘጠነኛ፦ በሁለት መካከል ሲቆሙ

ሁለት ፕሮግራም ከተቀበሉዎት ከእያንዳንዳቸው ሁለት የሁለተኛ ዓመት ተማሪና አንድ ባለፈው ዓመት የተመረቀ ሰው ያነጋግሩ። ስለ ጥራት አይጠይቁ፤ ሁሉም ደህና ነው ይላል። ይልቁንም ከእናንተ ባች ስንቱ በጊዜው ዲፌንስ አደረገ፣ ረቂቅ ለአማካሪ ሲላክ አስተያየቱ በስንት ቀን ይመለሳል፣ በሁለተኛው ሴሚስተር የተሰረዘ ወይም በአንድ ሳምንት ተጨምቆ የተሰጠ ኮርስ ነበር ወይ ብለው ይጠይቁ። ስድስቱን መልስ ጎን ለጎን ይጻፉ። ረቂቅ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚመለስበትን ይያዙ፤ የሌላው ስም የቱንም ያህል ቢገዝፍ።